የጨረቃ ሁለተኛ ምስክር

ጅግጅጋ ውስጥ ቀና ብላችሁ ያያችሁት ነገር ሁሉ የኔ እጅ አለበት። ሥራዬ ዲሽ መግጠም ነው። ስንት ገጠምክ ብትሉኝ ከካራማራ እስከ ደወሌ ያለውን ጣሪያ ቁጠሩና ጥቂት ቀንሱ እላችኋለሁ፤ የቀነሳችኋቸው ሬዲዮ የሚበቃቸው ሰዎች ናቸው። መልአክ እባላለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ። ሃምሳን ተሻግሬያለሁ፤ ያየኝ ሰው ግን አርባ ሁለት ነው የሚለኝ፤ ያላየኝማ ሠላሳ።

ከሁሉ በላይ የታወቅሁት በዓይኔ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ካለችው ሻሂ ቤት ተቀምጬ ወደ ምዕራብ እያየሁ፣ ሻርማርኬ ካራማራን መውረድ ጀመረ፣ ዛሬ ሰማያዊ ሸራ ነው ያለበሰው እላለሁ። ሰው ይስቃል። ሻሂው ሁለት ዙር ሳይቀዳ የሻርማርኬ አይሱዙ ሰማያዊ ሸራ ለብሶ ከፊታችን ይቆማል። ያኔ የሚስቅ የለም። ከደገሀቡር ድረስ ዓይኔን ለማየት የመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ ባይመጡም ሊመጡ አስበው ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። ሻርማርኬ ጓደኛዬ ነው። ከሐረር ጭኖ ሲመጣ አናቱ ላይ እንደደረሰ ሚስኮል ያደርግልኛል፤ አንድ ጊዜ ከጠራ ሰማያዊ ሸራ፣ ሁለት ጊዜ ከጠራ ብርቱካናማ። እኔ እንኳን ካራማራ ላይ ያለ መኪና ይቅርና ከመንገዱ ማዶ ሰላም የሚለኝን ሰው የምለየው በድምፁ ነው። ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል። ዲሽ ደግሞ በዓይን አይገጠምም፤ ሲግናል ስታገኝ የምትጮህ ትንሽ መሣሪያ አለች፣ እሷ ትጮሃለች እኔ ብሎኑን አጠብቃለሁ። ስለዚህ ማንም አላወቀብኝም። መነጽር ላድርግ ብል ደግሞ ከተማው ምን ይለኛል? ጭልፊት መነጽር ሲያደርግ ማን አይቷል?

በ2016 ጥር መግቢያ ላይ ኢስተሂል ወደ ሱቄ መጣች። ኢስተሂል እኛው መንገድ ላይ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ በሰው ደም ውስጥ ወባ ስትፈልግ ትውላለች። በዕድሜ ስለምበልጣት «አዴር» ትለኛለች፣ በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው፤ እኔም «አባዮ» እላታለሁ፣ እህቴ። በእጇ ጨርቅ ተራ የሚለኩበት ዓይነት የእንጨት ሜትር ይዛለች። እንጨቱ ላይ ወዲህና ወዲያ የምትንሸራተት ካርቶን አለች፤ ካርቶኗ መሃል ላይ በቢሮ ፓንቸር የተበሳች ቀዳዳ።

ምንድን ነው ስላት አስረዳችኝ። የእንጨቱን ጫፍ ከዓይንህ ሥር ጉንጭህ ላይ ታሳርፋለህ። በቀዳዳዋ ጨረቃን እያየህ ካርቶኗን ታንሸራትታለህ፤ ጨረቃ ቀዳዳዋን ልክ ሞልታ ስትታይ ታቆምና ቁጥሩን ታነባለህ። ጨረቃ ወደኛ ከቀረበች ትልቅ ሆና ስለምትታይ ካርቶኗ ወደ ዓይንህ ትመጣለች፤ ከራቀች ካርቶኗም ትርቃለች። ጨረቃ በሄደችበት ልክ ካርቶኗ ትሄዳለች፣ ሌላ ስሌት የለውም። በዚያው ምሽት ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ ጎን እንዳለች ትይዛለህ። ከዚያ ጣውላ ላይ አንድ ምስማር ትመታለህ፣ እሱ እኛ ነን፤ በኮከቡ አቅጣጫ በካርቶኗ ርቀት ልክ ሌላ ምስማር፤ በማግስቱም ሌላ። በመጨረሻ ምስማሮቹን በክር ስታያይዛቸው የጨረቃን መንገድ በእጅህ ያዝከው ማለት ነው። ዓይንና እንጨት ብቻ።

በእጅ መያዙ ነበር ዋናው ጉዳይ። እናቷ ኤዶ ደሃቦ፣ አክስቴ ደሃቦ እንደማለት ነው፣ ደገሀቡር ነው የሚኖሩት። ግመል ተከትለው ያደጉ ሴት ናቸው፤ ለኢስተሂል ዲሪር የምትባለውን ኮከብ ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። ጨረቃ እንደ ከብት ናት፣ ራቅ ብላ ትሰማራና ቀረብ ብላ ታድራለች ይሉ ነበር፤ ባላቸው ግን ዕድሜ ልኩን ሲስቅባቸው ኖረ። ዛሬ ኤዶ ደሃቦ ዓይናቸው አያይም። ኢስተሂል ያንን ጣውላ ጭናቸው ላይ አስቀምጣ ክሩን በጣታቸው እንዲዳስሱት ፈልጋለች።

«ታዲያ እኔን ምን ልታደርጊኝ ነው?» አልኳት።

«እኛ ጋ አንድን የደም ስላይድ ሁለት ሰው ነው የሚያነበው፣ ሳይነጋገር። ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጠራል። ጨረቃም ብትሆን በምስክር ነው የምትታወቀው። ሁለተኛ አንባቢ ሁነኝ፤ ከተማው ውስጥ ካንተ የተሻለ ዓይን የለም ይላሉ።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይል እንደነበር አላውቅም። እኔ ግን አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ እበቃሻለሁ አልኳት። እሷም ለኔ ሌላ እንጨት ሠርታ ሰጠችኝ።

የመጀመሪያው ምሽት ፀሐይ ካራማራ ጀርባ እንደገባች ሰገነቴ ላይ ወጣሁ። ጨረቃ ገና መወለዷ ነው፤ ሰው ሁሉ ቀጭን ናት የሚላት። ለኔ ግን ከሊጥ የተቆረሰች፣ ዳር ዳሯ ጢም ያበቀለች ነገር ናት። በቀዳዳዋ ሳያት ደግሞ ሦስት ሆነች። ካርቶኗን ወደፊት ብገፋ ትፈሳለች፣ ወደኋላ ብስብ ትፈሳለች። ነፋሱ እንባዬን እስኪያወርደው ታገልኩ። በኋላ እንጨቱን ከግድግዳው አስደግፌ አሰብኩ። ለዚህ ምን ማየት ያስፈልጋል? ሙሉ ጨረቃ ትልቅ ናት፣ ቀጭን ጨረቃ ትንሽ ናት፤ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። ስለዚህ ቀጭን ሳለች ካርቶኗን ሩቅ አደረግኋት፣ ጨረቃ እየሞላች ስትሄድ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ዓይኔ አመጣኋት፤ በአሳቤ ማለቴ ነው። እንጨቱን ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም። በየመሃሉ ትንሽ ትንሽ አዛባሁት፤ ልክ የሆነ ውሸት ቶሎ ይታወቃል፣ በሥራው ሃያ ዓመት አለኝ።

ወዲያው ኢስተሂል የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ደገሀቡር እናቷ ጋ ሄደች። የኔን ቁጥር እዚያው ምሽቱን በቴሌግራም በድምፅ እንድልክላት ለመነችኝ፣ እንዳይረሳኝ ብላ። እኔ ደግሞ ቁጥር ብቻውን መላክ አልወድም፤ ቁጥር ያለ ጨዋታ ደረቅ እንጀራ ነው። ዛሬ ጨረቃ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አይቻለሁ፣ ትናንት በግራ በኩል ነበር፣ ዛሬ ተንከባሏል እያልኩ እልክላታለሁ። ኤዶ ደሃቦ ከስልኩ ድምፄን እየሰሙ ይስቃሉ አሉ፤ ልጃቸው ትተረጉምላቸዋለች፣ ድገሚው ይላሉ። አንድ ሁለት ጊዜ ኢስተሂል «አዴር፣ ቁጥሩን እርግጠኛ ነህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከተጠራጠርሽ ዓይኔን አውልቄ በሚኒባስ ልላክልሽ አልኳት። ከዚያ በኋላ መጠየቋን ተወች። አሳመንኳት ብዬ ደስ አለኝ።

ጨረቃ ሞልታ፣ ጎድላም ልታልቅ ስትል ዑባህ ወደ ሱቄ መጣች። ዑባህ ላቦራቶሪው ውስጥ የኢስተሂል የሥራ ባልደረባ ናት፤ ሁለተኛዋ አንባቢ። ብዙ አትናገርም፣ ስትናገርም እንደ ውጤት ወረቀት ነው። የሰጠኋትን ወንበር እንኳ አልተቀመጠችበትም።

ኢስተሂል ከእንግዲህ ማይክሮስኮፕ አልነካም ብላለች አለችኝ። ፈቃዷ ሲያልቅ ካርድ ክፍል እንዲያዛውሯት ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ደውላለች። ለምን ብላ ዑባህ ስትጨቀጭቃት ዓይኔ ነው አለቻት። የእናቷ ዓይን የጠፋው ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ የነገር መጠን ነበር የተዛባባቸው፣ ጽዋው ትንሽ ይመስላቸውና ሻሂውን ያፈሱት ነበር። አሁን ለሷም ደረሳት። ጨረቃ ሞልታ በወጣችበት ምሽት የግቢው ሰው ሁሉ እንዴት ትልቅ ናት ሲል ኢስተሂል ለካቻት፤ ከወሩ ሁሉ ትንሿ ሆነችባት። ደግማ ለካች፣ ያው ነው። በዚያው ሰዓት የኔ ድምፅ ደረሳት፤ የኔ ደግሞ ከወሩ ሁሉ ትልቋ ነበረች።

«አንድ ስላይድ አሳስቼ አንድ ልጅ ቢሞትብኝስ ትላለች» አለች ዑባህ። «ሐኪም ጋ ሂጂ አልኳት፣ እናቴንም ደህና ነሽ ብለው ነው የሸኟት አለችኝ። ጋሽ መልአክ፣ አንተን ትሰማሃለች። አንድ ነገር በላት።»

 ከሄደች በኋላ አንድ ደንበኛ ሪሲቨር ይዞ መጣ፤ ከፍቼ የቱን ብሎን እንደፈታሁ እስኪጠፋኝ ድረስ እጄ ይሠራል ልቤ የለም። ከሰዓት በኋላ ሻሂ ቤት ተቀመጥኩ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ አንድ ጊዜ ጠርቶ ተዘጋ። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ወደኔ ዞሩ። ሰማያዊው ሸራ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ መዋጥ አቃተኝ፣ መትፋትም አቃተኝ። ዛሬ አቧራ ነው ብዬ ተነሣሁ።

ያንኑ ዕለት ደወልኩላት። ቁጥሮቹን ፈጥሬያቸው ነው፣ አንዱንም አላየሁም አልኳት። ቀስ ብላ ስትስቅ ሰማሁ። አላህ ይስጥህ አዴር፣ ዑባህ ነገረችህ አይደል፣ ብላ በደግነት ዘጋችው። ውሸቴን ለማመን ስንት ሰው ይሻማ ነበር፤ አንዲት እውነት ይዤ ብቀርብ የሚገዛኝ አጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ደገሀቡር የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ስለራሴ አንድም ነገር አላወራሁም፤ ሾፌሩ አመመህ እንዴ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ስደርስ ኤዶ ደሃቦ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለኢስተሂል ሰላምታ ሳቀርብ ድምፄን ከበሩ ለዩት።

«ያ ጨረቃ ላይ ድንጋይ የሚያየው ሰውዬ ነው» አሉ በሶማልኛ። እኔ ሶማልኛ ከሶማሌ ይበልጥ ነው የማውቀው። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ድንጋዩ የት ደረሰ ብለው ጠየቁኝ። አፌ ልማዱን አይረሳም፤ ጠርዝ ላይ ደርሶ ሊወድቅ ሲል ሌላ ድንጋይ ያዘው አልኳቸው። ጭኔን እየመቱ ሳቁ። ኢስተሂል ሻሂ በወተት ይዛ መጣች። ከስታለች። ኩባያውን ስትሰጠኝ በሌላ እጇ የኔን እጅ ፈልጋ ነው ያስያዘችኝ።

እናቷ አማርኛ አይሰሙም። ስለዚህ በአማርኛ፣ እሳቸው መሃላችን ተቀምጠው ፈገግ እንዳሉ ተነጋገርን።

«አባዮ፣ ውሸቴን ነው። ዓይኔ አያይም። እንኳን ጨረቃን አንቺን ከበር ላይ የለየሁሽ በቀሚስሽ ቀለም ነው።»

«አዴር፣ ተው።»

«ሻርማርኬ ሚስኮል ያደርግልኛል። አንድ ጊዜ ሲጠራ ሰማያዊ፣ ሁለት ጊዜ ሲጠራ ብርቱካናማ።»

«አሁን ደግሞ ሻርማርኬን ጨመርክበት» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ከፍ ብለህ እንጂ ዝቅ ብለህ ታውቃለህ? ለኔ ብለህ ራስህን አሳነስክ። ይሄንን አልረሳልህም።»

ጥግ ላይ የተጋደመውን እንጨት አንሥቼ አጥሩ ላይ በተሰቀለች የዘይት ጀሪካን ላይ አነጣጠርኩ፤ ስንጥቅ እንዳላት፣ ክዳን እንዳላት ጠይቂኝ አልኳት። ክዳን የላትም አልኩ። ክዳን ነበራት። ኢስተሂል አንገቷን ነቀነቀች፤ አስመስለህ ነው አለች። አለማየትን እንዴት አድርጎ ሰው ያሳያል? ማየት ቢሆን ኖሮ አሳያት ነበር።

ስልክሽን ክፈቺ አልኳት፤ ጨረቃ መቼ ቀርባ መቼ እንደራቀች የሚናገር ነገር አይጠፋውም። ያለፈውን ብከፍተው ምን ያደርግልኛል አለች። ከዚያች ሙሉ ጨረቃ ምሽት ወዲህ የራሷን ማመን ትታ፣ ካርቶኗን እኔ ወዳልኩበት ገፋ፣ ሳብ እያደረገች ነበር የምትይዘው፤ አሁን ጣውላው ላይ ያለው የሷም አይደለ የኔም አይደለ። የሚመጣውን አስቀድማ ብታውቅ ደግሞ ዓይኗ መልሱን ነው የሚያየው። ላቦራቶሪ ውስጥ አይታዋለች፤ ወባ አለበት ተብሎ የተነገረው አንባቢ ወባውን ያገኘዋል።

ጣውላው በግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። መሃሉ ላይ ምስማሩ፤ ዙሪያውን የሷ ክርና የኔ ክር አንዱ ሌላውን እየረገጠ፣ እግር እንዳረፈበት ሐብሐብ የተጨፈለቀ። የጨረቃን መንገድ እንዲህ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

«እናንተ ጋ አንባቢ ከተጠረጠረ ምን ታደርጋላችሁ?» አልኩ።

ወደ ጣውላው ዞረች። «መልሱ የታወቀ ስላይድ እንሰጠዋለን። መልሱን ከሱ ደብቀን።»

«እንግዲያው ራስሽ ላይ አድርጊዋ። ጨረቃ ልትወለድ ነው። አንቺ ካርቶኗን አንሸራትቺ፣ ዑባህ ቁጥሩን ታንብብ፣ ላንቺ አትንገርሽ። ስትሞላ ስልኩን ክፈቱ። እኔ አጠገባችሁ አልደርስም።»

ዑባህ ትስማማ እንደሆነ አለች። ሻሂዬ ቀዝቅዞ ነበር። ኤዶ ደሃቦ ምን እያላችሁ ነው ብለው ጠየቁ፤ ልጃቸው ስለ ጨረቃ ነው አለቻቸው።

ፈቃዷን ጨርሳ ጅግጅጋ ተመለሰች፣ ክሊኒኩም ለጊዜው ካርድ ክፍል አስቀመጣት። አዲሷ ጨረቃ በካራማራ አናት ላይ እንደታየች በዑባህ ግቢ ጀመሩ። ኢስተሂል እንጨቱን ጉንጯ ላይ አሳርፋ ካርቶኗን ታንሸራትታለች፣ ከቀንድ እስከ ቀንድ ቀዳዳዋን ስትሞላላት በቃ ትላለች፤ ዑባህ ጎንበስ ብላ ታነብና ስልኳ ላይ ትመዘግባለች። እኔ በር ላይ ነኝ። ሂድ ብባልም መሄድ አልቻልኩም።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት ለጠላቴ አልመኝም። ኢስተሂል ሀልዋ የሚባለውን ጣፋጭ ትልክልኛለች። ሻሂ ቤት ገብታ፣ ይሄ ሰውዬ እኔን ለማጽናናት ብሎ ዓይኔ አያይም አለ፣ ደገሀቡር ድረስ መጣ ብላ አውርታላቸዋለች። ድሮ በዓይኔ ነበር የተከበርኩት፤ አሁን በትሕትናዬም ተጨመረልኝ። በአንድ ከተማ ውስጥ ከኔ በላይ የተከበረ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሽማግሌዎች ተነሥተው ቦታ ይለቁልኛል። ቁጭ ስል ወንበሩ ይቆረቁረኛል። አይደለም፣ እውነቴን ነው ስላቸው ይበልጥ ያከብሩኛል።

ወደ ማታ ስጸልይ ደግሞ ልመናዬ ራሱ ያስፈራኝ ነበር። የኢስተሂል ዓይን ደህና ይሁን ማለት የኔ ውሸት ይገለጥ ማለት ነው። ውሸቴ ተሸፍኖ ይቅር ማለት ደግሞ ዓይኗ ይጥፋ ማለት ነው። ይገለጥ እላለሁ፤ ብዬ ሳልጨርስ ግን ዛሬ አይሁን፣ ትንሽ ይቆይ የሚል ነገር ከሆዴ ይመጣል። በዚያ ላይ አንድ ጥርጣሬ ነበረብኝ፤ እኔ ዋሸሁ ማለት የሷ ዓይን ደህና ነው ማለት አይደለም። እውነት ታማ ብትሆንስ? ውሸቴ እኮ ዓይኗን አይፈውሰውም።

ጨረቃ የሞላችበት ምሽት ደረሰ። ሜዳው ላይ፣ በምሥራቅ በኩል ወጣች። ምን አለፋችሁ፣ ጣሪያ ታክላለች። መንገዱ ላይ ባጃጆች ቆመው ስልክ አውጥተው ያነሷታል። ለኔ ለዕውሩ እንኳን ትሪ የምታህል ብርቱካናማ ጭጋግ ሆና ታየችኝ። ትልቅ ናት። ማን ይክዳል? ኢስተሂል እንጨቱን ጉንጯ ላይ አሳረፈች። ካርቶኗን ያዘች። እጇ ወደፊት ሄደ። አሁን ትመልሰዋለች ስል አሁንም ገፋችው። ክንዷ እስኪዘረጋ ድረስ ገፋችው። በሩ ሥር ቁጭ አልኩ። አለቀ፣ ታማለች፣ አልኩ በልቤ፤ ይህችን የምታህል ጨረቃ ትንሽ ሆና ታየቻት።

«በቃ» አለች ኢስተሂል።

ዑባህ አነበበች።  እንጨቱን ተቀብላ ግድግዳ ላይ አስደገፈችና ስልኳን ከፈተች፤ ለመፈለግ ጊዜ ወሰደባት፣ ኔትወርኩ ይሄዳል ይመጣል። ከዚያ የመጀመሪያው ምሽት አለች፣ ጨረቃ የቀረበችበት ወቅት፤ ያንቺ ካርቶን ከሁሉም ይበልጥ የቀረበችበት ስልሳ ሁለት ሴንቲሜትር። ከዚያ እየራቀች፣ ያንቺም እየራቀች። አንድ በአንድ ሄደችበት። አንዱም አልተፋለሰም። ዛሬ ጨረቃ ከወሩ ሁሉ ርቃ ያለችበት ሰሞን ነው አለች፤ ያንቺ ሰባ። ከአድማስ ስትወጣ ለሰው ሁሉ ትልቅ የምትመስለው እንዲያው መምሰል ነው፣ እዚህ ተጽፏል፤ ስትለካ ትንሽ ናት።

«ሰው ሁሉ ተሳስቶ አንቺ ብቻ ነሽ በትክክል ያየሻት» አለች ዑባህ።

ኢስተሂል የውኃ ጀሪካን ላይ ተቀመጠች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ጠርጋም ነጠላውን ከፊቷ አላነሣችውም። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ደስታው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። ነጠላውን ስታወርድ ወደኔ ዞረች።

«ታዲያ ያንተስ?» አለችኝ። «ያንተ ቁጥር?»

«ፈጥሬው ነው። ነግሬሻለሁ።»

«ነግረኸኛል» አለች።  «ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ መሄድ እየተለማመድኩ ነበር። እናቴ እንዳትሰማኝ በባዶ እግሬ። ምድጃው የት እንዳለ፣ በሩ የት እንዳለ። ሻሂ መቅዳት ችዬ ነበር፣ ታውቃለህ?»

ደገሀቡር ኩባያውን ስታቀብለኝ እጄን ፈልጋ ያስያዘችኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ።  ሃምሳ ዓመት ቃል ያላጣ አፍ ነው ይሄ። ይቅርታ አልኩ፤ ትንሽ ነበረች፣ ለሌላው ነገር ሁሉ ከምሰጠው ቃል ይልቅ ያነሰች። 

ስልኳን አወጣችና እናቷ ጋ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጀሪካኑ አጠገብ አስቀመጠችው። በሶማልኛ፣ እማ፣ እንዳልሽው ነው፣ ትርቃለች ትቀርባለች አለቻቸው። አባዬ ያለ ነገር ሲስቅብሽ ኖረ። ኤዶ ደሃቦ ረጅም እልል አሉ። ከዚያ የግመል ነጋዴ ልጅ አይደሉ፣ ምስክር ጠየቁ፤ ማን ማን አያት?

«እኔና ዑባህ» አለች ኢስተሂል።

«ያ ዓይኑ ጭልፊት የሆነውስ ሰውዬ?»

ኢስተሂል ስልኩን አንሥታ ግቢውን አቋርጣ መጣችና ፊቴ ዘረጋችው። ዑባህ ፊቷን አዞረች። ምላሴ ላይ ሦስት መልስ ተሰልፎ ነበር፣ አንዱ ካንዱ ያማረ፤ በአንደኛው ውስጥ ድንጋዩም ነበረበት።

«አላየሁም፣ ኤዶ» አልኳቸው።

አሮጊቷ ሳቁ። ጨዋታው ሊቀጥል መስሏቸዋል።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ።

«ከዚያ የለም። አላየሁም።»